የነዳጅ ቁጠባን በግብርና በማበረታቻ ለማጎልበት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በሦስተኛው ክፍል ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የአርቃቂ ቡድኑ ሰብሳቢ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የጋራ ሐሳባችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች በአባላት ስምምነት ስለ ጸደቁ ወደ እነርሱ አንመለስም። አሁን የቀረን፣ ተሽከርካሪዎች በአነስተኛ ነዳጅ ብዙ መንገድ እንዲሄዱ ለማድረግ መንግሥታት የትኛውን ግብር ቢጥሉና የትኛውን ማበረታቻ ቢሰጡ እንደሚሻል የሚወስነው ሦስተኛው ክፍል ነው። በረቂቁ ላይ ሁለት መንገዶች ተቀምጠዋል። አንደኛው በእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ የሚጣለውን ግብር በየዓመቱ በታወቀ መጠን ማሳደግ ነው። ሁለተኛው ተሽከርካሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ፣ ነዳጅ በብዛት ከሚበላው ተጨማሪ ክፍያ ወስዶ ለቆጣቢው በተመላሽ መልክ መስጠት ነው። በአርቃቂ ቡድኑ ውስጥ ሁለቱም ጽኑ ደጋፊዎች አሏቸው፤ እኔ ግን አንዱን መርጠን ሌላውን መጣል ግዴታችን ነው ብዬ አላምንም። እባካችሁ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በረቂቁ ውስጥ እንዲገባ የምትፈልጉትን ዓረፍተ ነገር ራሳችሁ ጽፋችሁ አቅርቡልን።

የግብር ጉዳዮች ንዑስ ክፍል ተወካይ

ሰብሳቢያችንን ስለ ግልጽ አቀራረባቸው እያመሰገንሁ፣ የነዳጅ ግብር የሐሳባችን ምሰሶ እንዲሆን እጠይቃለሁ። አንድ ተሽከርካሪ የሚያቃጥለው ነዳጅ መጠን የሚወሰነው በተገዛበት ቀን ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሞተሩን በወቅቱ ማስመርመሩ፣ የጎማውን ንፋስ መጠበቁ፣ ሁለት ጉዳይ በአንድ ጉዞ መጨረሱ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነቱን መቀነሱ፣ ቅርቡን ቦታ በእግሩ መሄዱ፣ እነዚህ ሁሉ የሊትሩን ቁጥር ይለውጡታል። ከእነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ ጋር በአንድ ጊዜ የሚገናኝ መሣሪያ የነዳጁ ዋጋ ነው። ደግሞም ግብሩ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ዛሬ መንገድ ላይ ባለው አሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል።

ነገር ግን አወጣጡ ካልታሰበበት ግብሩ ሳይታወቅ ይመነምናል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በአንድ ጋሎን ቤንዚን ላይ የሚያስከፍለው 18.4 ሳንቲም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አልተነካም፤ ቁጥሩ ባለበት ቢቆምም የዋጋ ግሽበት የመግዛት አቅሙን ከግማሽ በላይ በልቶታል። ብሪታንያ በተቃራኒው በዚያው በ1993 ግብሩን ከዋጋ ግሽበት በላይ በየዓመቱ 3 በመቶ፣ ኋላም 5 እና 6 በመቶ ማሳደግ ጀመረች። አካሄዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ፤ በሴፕቴምበር 2000 የጭነት መኪና ባለቤቶችና ገበሬዎች የነዳጅ ማከፋፈያዎችን እስከ መዝጋት ደረሱ፤ ከ2011 በኋላ ደግሞ ግብሩ ለአሥር ዓመታት ያህል ባለበት ረግቶ በ2022 ጭራሽ በ5 ፔንስ ተቀነሰ። የጀርመን መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ከ1999 እስከ 2003 ድረስ በአምስት እርከን፣ በየእርከኑ በሊትር 3 የዩሮ ሳንቲም ገደማ ጨመረች፤ ከተሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛውን ሠራተኛና አሠሪ ለጡረታ የሚያዋጡትን ለመቀነስ አዋለችው። ሰው የሚመጣውን አስቀድሞ ስላወቀ ቀጣዩን መኪናውን ሲመርጥ ሊያስብበት ቻለ። ስለዚህ በረቂቁ የሚከተለው እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ «የነዳጅ ግብር በየዓመቱ የሚጨምርበት መጠን ቢያንስ ለአምስት ዓመታት አስቀድሞ በሕግ ይታወጅ፤ የግብሩም መጠን ከዋጋ ግሽበት ጋር አብሮ ይስተካከል።»

የተሽከርካሪ ምሕንድስና ንዑስ ክፍል ተወካይ

የግብር ጉዳዮች ተወካዩ ያቀረቡትን ዓረፍተ ነገር እደግፋለሁ፤ የነዳጁ ዋጋ ብቻውን ይበቃል የሚለውን ግን ለመቀበል እቸገራለሁ። አንድ ሰው መኪና ሲመርጥ በዓይኑ ፊት ያለው የመሸጫ ዋጋው ነው እንጂ በሚቀጥሉት ዓመታት ማደያ ላይ የሚከፍለው ድምር አይደለም። ከዚህም በላይ ተሽከርካሪ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የመጀመሪያው ገዢ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሸጠዋል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት፣ ብዙውን ጊዜም ገቢያቸው ከእርሱ ያነሰ ሰዎች፣ እርሱ ለመረጠው ሞተር ነዳጅ ሲገዙ ይኖራሉ። ለእነርሱ ቆጣቢ መኪና ሊገኝ የሚችለው የመጀመሪያው ገዢ አስቀድሞ ቆጣቢ መኪና ገዝቶ ከነበረ ብቻ ነው። ክፍያውና ተመላሹ በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ ይሁን የምለው በዋናነት ለእነዚህ ኋላ ለሚመጡ ባለቤቶች በማሰብ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው ልለፍ፤ ይህን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። በረቂቁ ላይ የቁጠባ መለኪያው «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር» ተብሎ ተቀምጧል። እያንዳንዳቸው በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሁለት ተሽከርካሪዎችን እንውሰድ። አንደኛው ከባድ ነው፤ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ በዓመት 2,000 ሊትር ይበላል። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ቢተካ ፍጆታው ወደ 1,667 ሊትር ይወርዳል። ሁለተኛው ትንሽ መኪና ነው፤ በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ 667 ሊትር ይበላል። በሊትር 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ቢተካ ፍጆታው ወደ 333 ሊትር ይወርዳል። በሁለቱም በኩል የተረፈው ነዳጅ እኩል ነው፤ 333 ሊትር ያህል። ተመላሹን በረቂቁ መለኪያ ብናሰላ ግን ለሁለተኛው ባለቤት ከአንደኛው አሥራ አምስት እጥፍ እንከፍላለን ማለት ነው፤ ከባዱን ተሽከርካሪ ለመተካት ያሰበ ሰው ምንም ያህል አያገኝም። በ100 ኪሎ ሜትር የሚበላውን ሊትር ብንለካ አንደኛው ከ20 ወደ 16.7፣ ሁለተኛው ከ6.7 ወደ 3.3 ይወርዳሉ፤ ሁለቱም 3.3 ሊትር ያህል አሻሽለዋልና እኩል ይታያሉ።

ክፍያው በደረጃ ሳይሆን በእያንዳንዷ የሊትር አንድ አሥረኛ የሚጨምር ቀጥተኛ መስመር መሆን አለበት። አሜሪካ በ1978 ባወጣችው ሕግ መሠረት በጋሎን ከ22.5 ማይል በታች በሚሄዱ፣ ማለትም በ100 ኪሎ ሜትር ከ10.5 ሊትር ገደማ በላይ በሚበሉ አዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግብር ይጣላል፤ መጠኑም እንደ ደረጃው ከ1,000 እስከ 7,700 ዶላር ይደርሳል። በደረጃ ሲሆን አምራቹ መኪናውን ከወሰኑ በአንዲት ነጥብ ለማሳለፍ ይደክማል፤ ካለፈ በኋላ ግን የሚያበረታታው ነገር የለም። ከዚህ የባሰው ፒክአፕ፣ ሚኒቫንና ኤስዩቪ ከግብሩ ነጻ መሆናቸው ነው። ሕጉ ሲወጣ ጥቂት የነበሩት እነዚህ ተሽከርካሪዎች ዛሬ በዚያ አገር ገበያ አብዛኞቹ ሆነዋል። የእኔ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ክፍያውም ሆነ ተመላሹ በ100 ኪሎ ሜትር በሚበላው ነዳጅ ልክ ያለ ደረጃ ይሰላ፤ የትኛውም የተሽከርካሪ ዓይነት በስሙ ወይም በቅርጹ ምክንያት ነጻ አይሁን።»

የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ

ስለ መለኪያው የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍያው የሚያቆምበትና ተመላሹ የሚጀምርበት ነጥብ ነው። ፈረንሳይ ይህን ሥርዓት በ2008 ስትጀምር በኪሎ ሜትር እስከ 130 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም በተቃጠለው ነዳጅ ልክ የሚወጣውን ጋዝ፣ ለሚለቁ መኪኖች ተመላሽ ትሰጥ፣ ከ160 ግራም በላይ የሚለቁትን ታስከፍል ነበር። ገዢው ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ወደ ቆጣቢዎቹ ስለ ዞረ በመጀመሪያው ዓመት የተከፈለው ተመላሽ ከተሰበሰበው ክፍያ ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ በለጠ። ዓላማው ቢሳካም ሣጥኑ ጎደለ። የገንዘብ ሚኒስትር የሆነ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ እኛም ሐሳባችንን ይዘን ስንቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ስዊድን በ2018 የጀመረችውን ተመላሽ በኖቬምበር 2022 አቋርጣ ክፍያውን ብቻ አስቀረች። ኒውዚላንድ ሙሉውን ሥርዓት በኤፕሪል 2022 ብትጀምርም መንግሥት ሲለወጥ በ2023 መጨረሻ ተሰርዟል። ስለዚህ፦ «መለያው ነጥብ በየዓመቱ ይከለስ፤ አዲሱ ነጥብ ሥራ ላይ ከመዋሉ ከስድስት ወር በፊት ይታወጅ፤ ተመላሹም ከተሰበሰበው ክፍያ እንዳይበልጥ የመጠባበቂያ ገንዘብ ይያዝ።»

የጭነት ትራንስፖርት አባላት ተወካይ

እስካሁን የቀረበውን በጥሞና አንብቤያለሁ፤ የተከበሩ ባልደረቦቼ ስለ መኪና ገዢ ሲጽፉ በአእምሯቸው ያለው ደመወዝተኛ ሰውና የቤት መኪናው ይመስለኛል። የጭነት መኪና ባለቤት የነዳጅ ዋጋ እንዲያሳስበው ተጨማሪ ግብር አያስፈልገውም። ነዳጅ ከወጪዎቹ ሁሉ ከፍተኛው ወይም ከከፍተኞቹ አንዱ ነው፤ ሌሊት ሲተኛ የሚያሰላው እርሱን ነው። ታዲያ ለምን አይቆጥብም ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን መንገድ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ቆሞ ሳለ ቀርባችሁ ተመልከቱት። ከሾፌሩ ጋቢና በላይ ንፋሱን ወደ ላይ የሚያሻግር መከለያ የለውም፤ በጋቢናውና በጭነቱ መካከል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ መኪናው በፈጠነ ቁጥር ንፋሱ እዚያ ይጠራቀምና ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ረዳቱ የጎማውን ንፋስ የሚለካው በብረት መትቶ ድምፁን በማዳመጥ ነው። በድምፅ የሞተ ጎማ ከደህናው ይለያል፤ ከሚገባው አንድ አምስተኛ የጎደለበት ጎማ ግን ከደህናው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል፤ ያ መኪና በየኪሎ ሜትሩ ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ በመጫኛው በር ላይ ተራ ይጠብቃል፤ ወረፋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ማስነሳት ስለሚያስፈልግ ሞተሩ አይጠፋም። ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። መከለያውንም፣ መለኪያውንም፣ ጥሩውንም ጎማ ባለቤቱ ያውቃቸዋል፤ የጎደለው በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ባንክ ለመኪና ያበድራል እንጂ ለንፋስ መከለያ አያበድርም።

ከግብሩ ነጻ እንድንሆን አልጠይቅም። ለአንድ ዘርፍ የተከፈተ በር ለሌላው እንደማይዘጋ የምሕንድስና ተወካዩ በምሳሌ አሳይተዋል። የምጠይቀው ከጭነት ተሽከርካሪዎች የሚሰበሰበው ግብር የተወሰነ ድርሻ ወደ ብድር እንዲለወጥ፣ ብድሩም ከተቆጠበው ነዳጅ ቀስ በቀስ እንዲመለስ ነው፦ «በከባድ ተሽከርካሪዎች ላይ ለሚገጠሙ ነዳጅ ቆጣቢ መሣሪያዎችና ጎማዎች ያለ ወለድ ወይም በአነስተኛ ወለድ ብድር ይቅረብ፤ ክፍያውም ከሚጠበቀው የነዳጅ ቁጠባ እንዳይበልጥ ሆኖ በየወሩ ይከፋፈል።» አንድ ነገር ልጨምር። የመጫኛው በር ወረፋ በግብር አይፈታም። ተራን በሰዓት የሚሰጥ አሠራር ይፈታዋል፤ ይህንንም ከሌሎቹ ለይተን ብንጽፈው እመርጣለሁ።

የሸማቾች ጉዳይ ንዑስ ክፍል ተወካይ

የጭነት ተወካያችን ያነሡት ነገር በግለሰብ ደረጃም አለ። ከከተማ ርቆ የሚኖር፣ አውቶቡስ የማያገኝ ሰው በነዳጅ መወደድ ምክንያት ጉዞውን ሊቀንስ አይችልም፤ ሌላ ወጪውን ይቀንሳል። በፈረንሳይ በኖቬምበር 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አደባባይ የወጡት፣ በቀጣዩ ጃንዋሪ በናፍታ ላይ በሊትር 6.5፣ በቤንዚን ላይ 2.9 የዩሮ ሳንቲም ሊጨመር በታቀደበት ወቅት ነው፤ ጭማሪውም ተሰረዘ። ቅሬታው ከመጠኑ ይልቅ ገንዘቡ ተመልሶ ወደ ሰዉ ኪስ እንደማይገባ ከመታወቁ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በጁላይ 2008 ነዳጅ ሲቃጠል በሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ በቶን 10 ዶላር የጀመረው የካርቦን ግብር በ2012 ወደ 30 ዶላር ሲያድግ ከእርሱ ጋር የገቢ ግብር እንዲቀንስና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ገንዘብ እንዲከፈል ተደርጓል። ኢራን በዲሴምበር 2010 የነዳጅ ድጎማን ስታነሣ ለቤተሰቦች የተመደበውን ገንዘብ አስቀድማ በባንክ ሒሳባቸው አስገብታ ነበር፤ ገንዘቡን ማውጣት የተፈቀደው ዋጋው በጨመረበት ጊዜ ነው። የቅደም ተከተሉን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር እንዳናየው አደራ እላለሁ፦ «ለቤተሰቦች የሚመለሰው ገንዘብ የነዳጅ ግብሩ ከመጨመሩ በፊት ይድረሳቸው።»

ሁለተኛው ነጥቤ የሚለካው ቁጥር እውነተኛ ስለ መሆኑ ነው። ክፍያውና ተመላሹ የሚቆመው አምራቹ ባስመዘገበው ፍጆታ ላይ ነው፤ የላብራቶሪ ፍተሻና የመንገድ ፍጆታ ግን ሰፊ ልዩነት አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ፍጆታን የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲኖር አድርጓል፤ የኅብረቱ ኮሚሽን በ2024 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱት ከተመዘገበላቸው በ20 በመቶ ገደማ በልጠው ሲገኙ፣ ከሶኬት ኃይል የሚሞሉ ሃይብሪዶች፣ ማለትም በባትሪም በነዳጅም የሚሄዱት፣ ደግሞ በአማካይ ከተመዘገበላቸው ሦስት እጥፍ ተኩል ልቀት ነበራቸው። ገዢው ማበረታቻውን ወስዶ፣ መኪናውን ከሶኬት ሳይሞላ በቤንዚን ብቻ ቢነዳው ማኅበረሰቡ ለምን እንደ ከፈለ ማንም ማስረዳት አይችልም። ተመላሹ በመንገድ ላይ በተመዘገበ ፍጆታ ይሰላ፤ ይህ መሣሪያ ለሌላቸው ደግሞ ፍተሻው በገለልተኛ አካል ይደረግ።

የተሽከርካሪ ምሕንድስና ንዑስ ክፍል ተወካይ

የሸማቾች ተወካይዋ ያነሡትን ተቀብዬ፣ የራሴን ዓረፍተ ነገር በአንድ ነገር ማስተካከል እፈልጋለሁ። ሊትርን ብቻ ከቆጠርን ናፍታ ያላግባብ ይጠቀማል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም፣ አንድ ሊትር ናፍታ ደግሞ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በካርቦን ብቻ ብንለካም ጥንቃቄ ያስፈልገናል፤ አየርላንድ በ2008 የተሽከርካሪ ግብሯን በካርቦን ልቀት ላይ ስትመሠርት ገዢው በብዛት ወደ ናፍታ መኪና ዞሯል፤ ሳንባ የሚጎዳው የናፍታ ጭስ ግን በዚያ ስሌት ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ፍጆታው እንደ ነዳጁ ዓይነት በካርቦን መጠኑ ተባዝቶ ይሰላ፤ የጭሱ ጉዳይም እንደ መግቢያ ቅድመ ሁኔታ ይቀመጥ፤ የጭስ ደረጃውን የማያሟላ ተሽከርካሪ የቱንም ያህል ቆጣቢ ቢሆን ተመላሽ አያግኝ።

የግብር ጉዳዮች ንዑስ ክፍል ተወካይ

ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ተመላሹ ብቻውን ቢቀር ምን እንደሚከተል ልጠቁም። ቆጣቢ መኪና የያዘ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ገንዘብ ስለሚቀንስ ትንሽ ራቅ አድርጎ መንዳት ይጀምራል። የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ደንቦቻቸውን ሲያሰሉ ከቁጠባው 10 በመቶውን ያህል በዚህ እንደሚጠፋ አድርገው የገመቱባቸው ጊዜያት አሉ። ይህ ተመላሹን ለመቃወም በቂ ምክንያት አይደለም፤ አሥሩ ቢጠፋ ዘጠናው ይቀራልና። የነዳጅ ግብሩ ከጎኑ መቆም ያለበት ግን ለዚህ ነው፤ አንዱ መኪናውን ያስመርጣል፣ ሌላው ጉዞውን ያስመዝናል። የሸማቾች ተወካይዋ ስለ ቅደም ተከተል ያቀረቡትን ያለ ማሻሻያ እደግፋለሁ።

የአርቃቂ ቡድኑ ሰብሳቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረቡት ዓረፍተ ነገሮች እርስ በርስ ስለማይጋጩ በሚከተለው ቅደም ተከተል በረቂቁ ውስጥ ይገባሉ፦ መጀመሪያ ለቤተሰቦች የሚመለሰው ገንዘብ፣ ቀጥሎ የአምስት ዓመቱ የግብር መርሐ ግብር፣ ከዚያም በካርቦን የታረመው ያለ ደረጃ የሚሰላ ክፍያና ተመላሽ ከመለያ ነጥቡ አከላለስ ጋር፣ በመጨረሻም የከባድ ተሽከርካሪዎች ብድር። የመጫኛ ወረፋው ጉዳይ ለብቻው በአባሪ ይጻፍ፤ ይህንንም የጭነት ተወካያችን እንዲያዘጋጁልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ያልተስማማንበት አንድ ነጥብ ቀርቷል። ለቤተሰቦች የሚመለሰው ገንዘብ ለሁሉም በነፍስ ወከፍ እኩል ይሁን ወይስ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑት ብቻ? እኩል ክፍያ ለአሠራር ቀላል ነው፤ ሀብታሙ ብዙ ነዳጅ ስለሚያቃጥል ከሚመለስለት በላይ ይከፍላል፤ የገቢ ማስረጃ የሌለው ድሃም አይቀርም። ለይቶ መስጠት በበኩሉ ለሚያስፈልገው ሰው ከፍ ያለ መጠን ያደርሳል፤ ነገር ግን የተሟላ መዝገብ በሌለበት ብዙዎችን ይዘላል። እኔ በግሌ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ። ሁለቱም አማራጮች በረቂቁ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው ለድምፅ ይቀርባሉ፤ ሁለተኛውን የምትደግፉ አባላት ከምርጫው በፊት ተቀባዩ በምን መዝገብ እንደሚለይ የሚገልጽ አንድ አንቀጽ እንድታያይዙ ይጠበቃል።

የጭነት ትራንስፖርት አባላት ተወካይ

አባሪውን ለማዘጋጀት እስማማለሁ። በብድሩ አንቀጽ ላይ ግን አንድ ሐረግ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፤ «ባለ አንድ መኪና ባለቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ» የሚል። ብዙ መኪና ያለው ድርጅት የራሱን ዋስትና አቅርቦ ከባንክ ሊበደር ይችላል፤ አንድ መኪና ያለው ሰው ግን መኪናዋን ራሷን አስቀድሞ አስይዟታል።

የአርቃቂ ቡድኑ ሰብሳቢ

ሐረጉ ተጨምሯል። ተቃውሞ ያለው አባል ረቂቁ ለድምፅ ከመቅረቡ በፊት በጽሑፍ ያስታውቀን።